ዳኛዋ የተጨበጨበላት ቀን

ሴትየዋ ችሎት ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሥራዋ ቅርጫት መሥራት ነበር። «ዳኛዋ» የሚለው ስም የወጣላት ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት ዶሮ ተጣልተው መንደሩን ሲያምሱ ከቤቷ ወጣችና «እስቲ ልቀቋትና ማደሪያዋን ራሷ ትምረጥ» አለቻቸው። ዶሮዋ ተለቀቀች። የሁለቱንም ቤት አልፋ ሄዳ የሙሽራዋ ቤት ገባች። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ተጣዪዎቹም ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው በረደ።

ከዚያ ወዲህ ድንበር ሲገፋ፣ አማትና ምራት ሲኳረፉ፣ ውሃ ቀጂዎች ወረፋ ሲሻሙ የምትጠራው እሷ ሆነች። ባሏ ጋሪ ነጂ ነው። ከሥራ ሲመለስ ደጁ ላይ ባለጉዳይ ተኮልኩሎ ካየ «ክብርት ዳኛ፣ የኔ የራት ጉዳይ መቼ ይታይ ይሆን?» ይላል። እሷም ሸምበቆ መሰንጠቋን ሳታቋርጥ «ተቀጥሯል፤ ጠብቅ» ትለዋለች።

ሸምበቆው የሚመጣው ከመንደሩ በታች ካለው ረግረግ ነው። ረግረጉ በበጋም አይደርቅም። ለማያውቀው ሰው የትንኝና የጭቃ አገር ይመስላል። ለመንደሩ ሴቶች ግን ጓዳቸው ነበር። ጠዋት ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ይገባሉ፤ የደረሰውን አጭደው፣ ለጋውን ትተው፣ ሸክማቸውን በራሳቸው ይዘው እየተጯጯሁ ይወጣሉ። ቅርጫቱ፣ ምንጣፉ፣ የእህል መያዣው ሁሉ ከዚያ ነው። ዳኛዋን ይህን ሥራ ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ባሏ ቶሎ ሞቶባት ልጆቿን ያሳደገችው በቅርጫት ነው። ማጭዱን ስታነሳ የሚያያት ሰው ልትጣላ የመጣች ይመስለዋል።

ረግረጉ በማንም ስም የተመዘገበ አልነበረም። መዝግቡልን ብሎ የጠየቀም የለም። ሰው ጓዳውን ምን ብሎ ያስመዘግባል?

ፕሮጀክቱ የመጣው በበጋ ነው። ወንዙ ከላይ ተጠልፎ በቦይ ይወርዳል፣ ዝናብ ሲጠብቅ የኖረው የታችኛው እርሻ ዓመቱን ሙሉ ይለማል ተባለ። መንደሩ ደስ አለው። ዳኛዋም ደስ አላት፤ ባሏ ገና ቦዩ ሳይቆፈር ጋሪው ላይ ሽንኩርት እየጫነ በሐሳቡ ገበያ ይመላለስ ጀመር።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች የልጆች ወንበር ላይ ተጣጥፈው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ ተቀምጠዋል። መሐንዲሱ ስለ ቦዩ ተናገረ። ቀጥሎ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ልጅ እግር ሴት ተነሳችና የፕሮጀክቱ የአካባቢና የማኅበራዊ ጥበቃ ባለሙያ መሆኗን ተናገረች። ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጃንጥላዋን ስለማትለይ መንደሩ ወዲያው «ባለጃንጥላዋ» አላት።

ጋሪ ነጂው እጁን አወጣ። «ልጄ፣ ከማን ነው የምትጠብቂን?»

«ከራሳችን ነዋ፣ አባባ» አለች እየሳቀች። «ፕሮጀክቱ እናንተን እንዳይጎዳ ነው የተቀጠርኩት።»

ሰዉ ሳቀ፤ ወደዳትም። እትዬ ግን ከኋላ ሆና «አፍሽስ ማር ነው። ረግረጉስ?» አለች።

«ረግረጉ አይነካም፣ እማማ። ትርፉ ውሃ የሚወርድበት ማፋሰሻ በዳር በዳር ነው የሚያልፈው። እናንተ ሳትፈቅዱ አንዲት ሸምበቆ አትነቀልም። ቢነካ እንኳ የሚሰማችሁ ከእናንተው የተመረጠ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይኖራል።»

ኮሚቴ ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ ዳኛዋ ዞረ። ሰብሳቢ አደረጓት። ሥራው ይጀመር ወይስ አይጀመር ተብሎ እጅ ሲወጣ እትዬ ክንዷን አጣጥፋ ቆየች። ዳኛዋ አጠገቧ ሄዳ በጆሮዋ «እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ይሆናል?» አለቻት። እትዬ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «ለጃንጥላዋ አይደለም» አለች፣ «ላንቺ ነው።»

ክረምት ሲገባ ባለጃንጥላዋ ተከራይታ ወደምትኖርበት ከተማ የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። ዳኛዋ ለሥራ ከተማ የሄደው ልጇ ይተኛበት የነበረውን ክፍል ሰጠቻት። መጀመሪያ ልጅቷ እንደ እንግዳ ነበረች። ሁሉን ነገር «ይቅርታ» እያለች ትነካለች፤ ዳኛዋን «እርስዎ» ነው የምትላት። ከዚያ ወባ ያዛት። ስትንቀጠቀጥ አልጋው አብሯት ይንቀጠቀጣል። ዳኛዋ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እያኖረች፣ ላቧን እየጠረገች፣ ሾርባ በማንኪያ እየሰጠች ሰነበተች። ጋሪ ነጂው በጭቃው ውስጥ እስከ ጤና ጣቢያው በጋሪ ወስዶ መለሳት። ልጅቷ ሲሻላት ከአልጋው ቀና ብላ «እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ» አለች። አፏ አምልጧት ነው። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያን ቀን በኋላ ግን «እርስዎ» ቀረ።

አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዳኛዋ ቅርጫት ስትሠራ ልጅቷ ልማር ብላ ጣቷን ትቆርጣለች። ስለ እናቷ አወራቻት፤ ታማ እህቷ ቤት እንደምትኖር፣ ከዚህ ሥራ ሌላ የቤቱ መተዳደሪያ እንደሌለ። አንድ ቅርጫት እንደ ምንም ጨረሰች። ወደ አንድ ጎን የዘመመ ነበር። ጋሪ ነጂው አገላብጦ አየውና «ይሄ እንኳ እንቁላል ቢያስቀምጡበት ራሱ ሰብሮ ያቀርባል» አለ። ሳቃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እትዬ ብቻ ያን ሰሞን ከእህቷ ቤት እግሯን አሳጠረች።

ዝናቡ ሲያባራ ቆፋሪው ማሽን ገባ። በዳር አልሄደም፤ ረግረጉን መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አለፈ። ዳኛዋ እየሮጠች ወደ ልጅቷ ሄደች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እማዬ፣ አትደንግጪ። መሐንዲሱ የአፈሩን ሁኔታ አይቶ ትንሽ አሻሽሎት ነው። ውሃው አይጎድልም። ለማንኛውም ቅሬታሽን ይዣለሁ፤ ወደ ላይ እልከዋለሁ።»

ውሃው ጎደለ። መጀመሪያ የእግር ዱካ የሚሞላው ውሃ ጠፋ። ከዚያ ጭቃው እንደ አሮጌ ሳህን ተሰነጣጠቀ። ዓሦቹ በየጉድጓዱ ተጠራቅመው ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዞሩ፤ ሽታው ቤት ውስጥ አላስቀምጥ አለ። ሸምበቆው ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ወረደ፤ ሲሰነጥቁት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ሴቶቹ በየቀኑ ወደ ዳኛዋ ይመጣሉ፤ ዳኛዋ ወደ ልጅቷ ትሄዳለች፤ ልጅቷም «ወደ ላይ ልኬዋለሁ» ትላለች።

«ወደ ላይማ ጭስም ይሄዳል» አለ ጋሪ ነጂው። «ተመልሶ ሲመጣ ግን አላየሁም።»

«ልጅቷን አትንካብኝ» አለች ዳኛዋ። «እሷ ምን ታድርግ? ከእሷ በላይ ስንት አለቃ አለ።»

ታምናት ነበር። የታመመ ሰው ላቡን የጠረገለትን እጅ ይክዳል ብሎ ማን ያስባል?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ያበደሩት ሰዎች ለጉብኝት ሊመጡ ነው ተባለ። የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውን በመንደሩ የሚያውቅ የለም። እትዬ ሴቶቹን ሰብስባ መከረች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ የደረቀውን ሸምበቆ ተሸክመን መንገዱን እንዝጋ፤ መኪናው ሲቆም ፊታቸው ላይ እንከምረው።

ዳኛዋ ይህን ሰምታ ለባለጃንጥላዋ ነገረቻት። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ መንገድ ከተዘጋ ፖሊስ ይመጣል፤ ሴቶቹ ይታሰራሉ። ለምን አንቺ ራስሽ አትናገሪም? ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ። ሁሉን ንገሪያቸው፤ አንድም ነገር አትደብቂ። የማስተረጉምልሽ እኔ ነኝ። ከእኔ አፍ ከሰሙት ያምናሉ።»

ዳኛዋ ደስ አላት። ወደ እትዬ ቤት ሄዳ ለመነቻት። እትዬ ማጭዷን እየሳለች አዳመጠቻትና «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች።

«ልጅቷን አታውቂያትም፣ እትዬ።»

«አንቺን አውቅሻለሁ። ሰው ስትወጂ ዓይንሽ ይታወራል።» ከዚያ ማጭዱን አስቀመጠች። «እሺ። መንገዱን አንዘጋም። ተናገሪ።»

እንግዶቹ መጡ። የትምህርት ቤቱ ክፍል ተጠርጎ፣ ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሶ፣ ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮ ነበር። ዋናዋ እንግዳ ሽበታም፣ ፊቷ የዋህ የሆነ ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ጣል አድርጋለች። ዳኛዋ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ተነሳች። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል።

«እናንተ በጎ አስባችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ» ብላ ጀመረች። «ቦዩን አልጠላንም። ነገር ግን ረግረጋችን ሞቷል።» ቆም አለች። ባለጃንጥላዋ በእንግዶቹ ቋንቋ ተናገረች። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይነካም ተብለን ነው እጃችንን ያወጣነው። መሐሉን ሰነጠቁት። ዓሣው አለቀ፤ ሸምበቆው ደረቀ። እነዚህ የቆሙት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያበሉት በሸምበቆ ነበር። አሁን ባዶ እጃቸውን ናቸው።» ልጅቷ አስተረጎመች። ሽበታሟ ሴት ወደቆሙት ሴቶች ዞራ ፈገግ አለች።

ዳኛዋ ፈገግታውን አየች፤ ግራ ገባት። ምናልባት በአገራቸው ሐዘን እንዲህ ይሆን ይሆናል ብላ ቀጠለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «እህቴ በዚህ ረግረግ ነው ልጆቿን ያሳደገችው። እናንተን የምለምነው መጥታችሁ እንድታዩት ነው። በዓይናችሁ እዩልን።» እንባዋ መጣ። ልጅቷም አስተረጎመች፤ የእሷም ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ሲያበቃ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሽበታሟ ሴት ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ዳኛዋን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት።

በግድግዳው ዙሪያ ያሉት ሴቶች አንዳቸውም አላጨበጨቡም።

ለስላሳው መጠጣት ሲጀመር ዳኛዋ አየር ፈልጋ ወጣች። ከደጅ የእንግዶቹ ሾፌር መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። የከተማ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ በተከፈተው መስኮት ሁሉን ሰምቷል። ወዲህ ወዲያ አየና ጠጋ አላት።

«እናቴ፣ እርስዎ ያሉት ሌላ፣ እሷ ያለችው ሌላ።»

«ምን አለች?»

«ድሮ ረግረጉ ወባ እያመጣ ልጆቻችንን ይጨርስ ነበር፤ ዛሬ ደርቆልን ጤና አገኘን አለች። ሴቶቹም ከሸምበቆ ሸክም ተገላገሉ አለች። ‹የማለቅሰው ከደስታዬ ብዛት ነው› ብለዋል ተባለ።»

ዳኛዋ መኪናውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ገባችና የሽበታሟን ሴት እጅ አፈፍ አድርጋ ወደ በሩ ጎተተቻት። ረግረጉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቁልቁል ነው፤ ቢወጡ ይታያል። ሴትየዋ ግር ብሏት እየተከተለች ሳለ ባለጃንጥላዋ ደረሰችና ፈጠን ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። እንግዳዋ ልቧ የተነካ መስላ ቆመች፤ ሰማያዊውን ሻርፕ ከአንገቷ አውልቃ በዳኛዋ ትከሻ ላይ ጣለች።

ዳኛዋ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አንተ ንገራቸው! ለእኔ የነገርከኝን ንገራቸው!»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «እናቴ፣ ከሥራ ያባርሩኛል» አለና የመኪናውን በር ከፈተ።

እንግዶቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ሄዱ። አቧራው ሲበተን ሴቶቹ ዳኛዋን ከበቧት፤ እሷም የሰማችውን ነገረቻቸው። አንዲቷ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ግን ሻርፑን በጣቷ ነካ አድርጋ ለቀቀችው። «መንገዱን ብንዘጋ ኖሮ» አለች፣ «ቢያንስ አስተርጓሚ አያስፈልገንም ነበር።» ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

ባለጃንጥላዋ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጣች። ጋሪ ነጂው ሲያያት በቅሎውን ሊጠምድ ብሎ ወጣ፤ ያን ቀን ሥራ አልነበረውም። ልጅቷ ደፉ ላይ ቆማ ለመግባት አልደፈረችም።

«ላስረዳዎት ነው የመጣሁት» አለች። «እርስዎ» ተመልሶ መጥቷል።

«አስረጂኝ።»

«እውነቱን ብናገር ገንዘቡን ያቆሙት ነበር። ቦዩ ሳይጠናቀቅ ይቀር ነበር። ታች ያሉት ገበሬዎች ሁሉ ውሃ እየጠበቁ ነው፤ እነሱም ልጆች አሏቸው። ደግሞ አለቃዬ ‹ቅሬታ ከተሰማ ኮንትራትሽ አይታደስም› ብሎኝ ነበር። እናቴን ያውቃሉ። እኔ ያሰብኩት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ለማስተካከል ነው።»

ዳኛዋ የሰውን ሰበብ መስማት የለመደች ሴት ናት። ጉዳዩ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ልጅቷም የሚያስጨንቅ ነገር እንደነበረባት ታይላት ነበር። አሁን ግን ዳኛ አልነበረችም።

«ለምን እኔን አስነሳሽኝ?» አለች። «ራስሽ ቆመሽ ብትዋሺ ምን ነበረበት? እንደ ሰው ዋሸች ብዬ እተወው ነበር። አንቺ ግን በእኔ አፍ ዋሸሽ። በእኔ እንባ።»

«እማዬ...»

«በዚያ ስም አትጥሪኝ።»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ዳኛዋ ተነስታ ልታባብላት እጇ ሊዘረጋ ሲል ራሷን ገታች። በኋላ ለባሏ እንደነገረችው ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ያ ነው። እጇ አሁንም ሊሄድላት ነበር። ልጅቷ ሄደች። ክረምት ሳይገባ ወደ ዋናው ቢሮ ተዛወረች፤ እድገት አግኝታ ነው አሉ።

ቦዩም ተጠናቀቀ። የታችኛው እርሻ አረንጓዴ ለበሰ፤ እዚያ ማሳ ያላቸው ሰዎች ዳኛዋን ሲያገኟት በአክብሮት ሰላም ይላሉ፤ ከእነሱ መካከል ክፉ ሰው የለም። ሴቶቹ ሸምበቆ ፍለጋ ወንዝ ተሻግረው መሄድ ጀመሩ። እዚያ ያሉት ሴቶች በበኩላቸው «ይህስ የማን ጓዳ ነው?» እያሉ መለሷቸው። ገሚሶቹ ቅርጫት ትተው የታችኛው ማሳ ላይ በቀን ሥራ አረም ያርማሉ።

ዳኛዋ የሰው ጉዳይ መስማት አቆመች። ሁለት ወንድማማቾች በአጥር ተጣልተው ቢመጡባት «እኔ ምን አውቄ? ሂዱ ሌላ ፈልጉ» ብላ በሩን ዘጋች። ሻርፑን ለማንም አልሰጠችም፣ አልለበሰችውምም። ጋሪ ነጂው አንድ ቀን በቅሎው አንገት ላይ አስሮት ከገበያ ሲመለስ አየችው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ከእህቷ ጋር እንደገና የተነጋገሩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እትዬ አንድ ጠዋት ማጭዷን ይዛ መጣችና ደጅ ላይ ሳትቀመጥ «ነይ፣ ሥራ አለ» አለቻት። ከጥቂት ሴቶች ጋር ሆነው በማፋሰሻው አንድ ጥግ ድንጋይና አፈር የሞላ ጆንያ ሲደረድሩ ዋሉ። የፕሮጀክቱ ዘበኛ መጥቶ ጮኸባቸው። እትዬ ቀና ብላ አየችውና «ቅሬታ ካለህ ወደ ላይ ላክ» አለችው። ዘበኛው ወደ ዛፉ ጥላ ተመለሰ።

ሲዘንብ በዚያ ጥግ ትንሽ ውሃ ተኛ። በቀጣዩ ዓመት ጥቂት ሸምበቆ ወጣ፤ ቀጭን ነው፣ ለትልቅ ቅርጫት አይሆንም። ያንን ጥግ ማሽኑ እንደገና ያፈርሰው አያፈርሰው የሚያውቅ የለም። አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ፣ ትሑት ወጣት ነው፣ ዳኛዋን ኮሚቴውን እንደገና እንድትመራ ሊለምናት ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ውሃ ሰጠችው፣ ሲጠጣ ጠበቀችው፣ ብርጭቆውን ተቀበለችው።

«ረግረጉ ያውልህ፣ ሄደህ እየው» አለችው። «እኔ ግን ከእንግዲህ ለሰው ቃሌን አላውስም።»

ወጣቱ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ወዴት እንደሄደ ለማየት አልተከተለችውም፤ የጀመረችውን ቅርጫት አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።